ስቴም ሴል ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ሀዋሳ ስኳር፣ ስትሮክ ወይ የጉልበት ህመም ያለበት ቤት ከገባችሁ የስቴም ሴል (ራሱን እያባዛ ሌላ አይነት ሴል መሆን የሚችል የሰውነት ሴል) ህክምና ወሬ አይጠፋም፣ ውጭ ያለ ዘመድ ቲክቶክ ላይ ያየውን ይልካል ከዛ መሬቱ ይሸጥ አይሸጥ ክርክር ይጀመራል። እኔ ላብራቶሪ ስለምሰራ በየጊዜው ይጠይቁኛል፣ ስለዚህ በተደጋጋሚ የማያቸውን ስህተቶች ልጻፋቸው።

አንደኛው ስቴም ሴል ሁሉ አንድ ነው ማለት። አይደለም! መቅኔ ውስጥ ያለው ደም ይሰራል፣ ቆዳ ውስጥ ያለው ቆዳ፣ የአይን ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያለው ደሞ የአይንን የፊት ሽፋን ያድሳል። ፍሎሪዳ ውስጥ እኤአ 2015 ሶስት ሴቶች ከሆዳቸው ስብ የወጣ ስቴም ሴል በአንዴ ሁለቱም አይናቸው ውስጥ ተወጋላቸው፣ ከዛ ማየታቸው ክፉኛ ተጎዳ። ጥናት ነው ተብሎ ኢንተርኔት ላይ ተመዝግቦ ነበር እኮ፣ ግን መመዝገብ ማለት መፈቀድ አይደለም፣ ታካሚውን በደንብ የሚያስከፍል "ጥናት" ደሞ ገና ከበሩ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል።

ሁለተኛው "የራሴ ሴል ምን ያደርገኛል" ነው። ያደርጋል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ያማናካ እኤአ 2006 የአይጥ ቆዳ ሴል ላይ አራት ጂን ጨምሮ ማንኛውንም የሰውነት ክፍል መሆን ወደሚችል ሴል መለሰው (በ2012 ኖቤል አገኘበት)፣ ከአራቱ አንዱ ግን ከካንሰር ጋር የሚታወቅ ጂን ነው። እንዲህ አይነት ሴል ከራስ ቆዳ ቢሰራም ወደሚፈለገው አይነት በደንብ ሳይለወጥ ከተወጋ ጸጉርና ጥርስ ሁሉ ያለው እጢ ሊሆን ይችላል።

በቆርቆሮ የሚሸጠውን "የስቴም ሴል" ኪኒን እንኳን ተዉት፣ ህይወት ያለው ሴል ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው እንጂ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አይደለም።

በተቃራኒው ሁሉም ውሸት ነው የሚሉም አሉ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ እኮ ስንት አመቱ፣ የደም ካንሰር ያለበትን ሰው ያድናል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ቤታችን ያለው ስህተት ነው። ልጅ የፈላ ሻይ ሲደፋበት ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የተገኘው ሁሉ ይለጠፍበታል። ላይኛው ቆዳ ቢላጥ እንኳን ከጸጉር ስር ያሉት ስቴም ሴሎች ከተረፉ ቆዳው ከነሱ ተነስቶ ይሸፈናል፣ ቁስሉ ካመረቀዘ ግን ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይገባና እነሱንም ይጨርሳቸዋል፣ ያኔ ሀኪም ከጭን ቆዳ አንስቶ መለጠፍ ግድ ይለዋል። ስለዚህ ወዲያው ለ20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ ማፍሰስ (በረዶ አይደለም)፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፈን ማድረግ፣ ከዛ በባጃጅም ይሁን በምን ሀኪም ቤት። ቦታው ነጭ ሆኖ ልጁ "አያመኝም" ካለ ደሞ ተመስገን ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ የማያመው ነርቩም አብሮ ስለተቃጠለ ነው።