«ሞኒተሩ አብዷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የጨረር መለኪያ ጥገና ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ቴክኒሻን፣ አላርም የሚጮህ የክፍል ሞኒተር (የክፍሉን ጨረር የሚከታተል መለኪያ) እንዲያይ ተልኮ ምንም ሳይለካ «ዲቴክተሩ ሞቷል» (ጨረሩን የሚያየው ክፍል ማለቱ ነው) ብሎ ወርክ ኦርደሩ ላይ ጽፎ መጣ። እንዴት አወቅክ ስለው «ትናንት 2 ነበር፣ ዛሬ 40 ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ምንም ነገር የለም» አለኝ። ምንም እንደሌለ ማን ነገረህ? ዝም። ሰርቬይ ሜትር (በእጅ የሚያዝ የጨረር መለኪያ) ተይዞ ሲታይ ከግድግዳው ጀርባ ባለው ቧንቧ ያገለገለ ሬዚን (የማመንጫውን ውሃ አጣርቶ ጨረር ያጠራቀመ ማጣሪያ) እየተላለፈ ነበር፣ ሞኒተሩ የታዘዘውን ስራ ነው ሲሰራ የዋለው።

የኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ ከምናጠፋቸው ጥፋቶች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ብቆጣ አትቀየሙኝ። መለኪያ የሚሰቀለው እኮ ያልጠበቅነውን እንዲነግረን ነው። ያልጠበቅነውን ሲነግረን ውሸታም የምንለው ከሆነ ለምን ሰቀልነው? እ.ኤ.አ. በ1979 ስሪ ማይል አይላንድ፣ አሜሪካ ያለው ማመንጫ ላይ በደረሰው አደጋ፣ ቴክኒሻኖች የሬአክተሩን እምብርት ሙቀት የሚለኩትን ቴርሞካፕሎች ሽቦ ላይ በቮልት ሜትር ለክተው ከ2000 ዲግሪ ፋራናይት በላይ አገኙ፣ ግን አንዳንዶቹ ንባቦች ደግሞ በጣም ዝቅ ያሉ ስለነበሩ ነገሩ ሁሉ የማይታመን ነው ተብሎ ተተወ። እምብርቱ በእውነት እየቀለጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ፎርስማርክ፣ ስዊድን ባለው የኒውክሌር ማመንጫ፣ አንድ ሰራተኛ በበሩ ሲያልፍ ሞኒተሩ ጫማው ላይ ጮኸበት፣ መጀመሪያ የመጣው ሀሳብ ያው የለመድነው ነው፣ ማሽኑ ተበላሽቷል። ጫማው ላይ የነበረው ግን ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ የቼርኖቤል አቧራ ነበር። ዓለም አደጋውን ያወቀው በዚያ ጫማ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ንባቡ ሀሰት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እውነት ነው። ወደዚያ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ለጨረር ጥበቃ ሰዎች ደውሉ፣ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዘው ይምጡ፣ የተቻለ እንደሆነ የዲቴክተሩ ዓይነት የተለየ ይሁን። ጎረቤት ቻናሉን (ያንኑ ነገር የሚለካውን ሌላ መለኪያ) እዩ። ኦፕሬተሮቹን «አሁን ምን እየሰራችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቫልቭ ተከፍቷል? ፊልተር ተነስቷል? ራዲዮግራፊ (ብየዳን በጨረር ማንሳት) አለ? ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው፣ ግማሹን «ብልሽት» እዚያው ይፈታዋል።

ንባቡ እውነት ሆኖ ምክንያቱ ደግሞ ምንም የማያስደነግጥ የሚሆንበት ጊዜም አለ፣ እሱንም ካላወቃችሁ ደህናውን ማሽን ስትፈቱ ትውላላችሁ። ዝናብ ሲዘንብ የሬዶን (ከመሬት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረራማ ጋዝ) ልጆች፣ ማለትም እሱ ሲፈርስ የሚፈጠሩት እንደ እርሳስ 214 ያሉት፣ ከአየር ላይ ታጥበው ይወርዳሉ፣ ውጪ ያሉት ሞኒተሮች ከፍ ይላሉ። የአየር ብናኝ ፊልተር ላይም በተለይ አየሩ ሳይንቀሳቀስ ባደረበት ሌሊት ይሄው ይጠራቀማል። መለያው ቀላል ነው፣ ፊልተሩን አውጥታችሁ አሁን ቁጠሩት፣ ቆይታችሁ ደግሞ ቁጠሩት። እርሳስ 214 ግማሽ እድሜው (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 27 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቢስሙዝ 214 ደግሞ 20 ገደማ፣ ስለዚህ ሬዶን ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ሴሲየም 137 ከሆነ ግን 30 ዓመት ነው፣ ጠብቃችሁ አትጨርሱትም። የፈላ ውሃ ሬአክተር ላይ የምትሰሩ ደግሞ የዋናው እንፋሎት መስመር ሞኒተር ናይትሮጅን 16ን (ሬአክተሩ ሲሰራ ውሃው ውስጥ የሚፈጠር ጨረራማ ናይትሮጅን) እያየ መሆኑን አትርሱ፣ ግማሽ እድሜው 7 ሰከንድ ያህል ስለሆነ ፓወር ሲወርድ ንባቡ አብሮ ይወርዳል፣ ውሃው ላይ ሃይድሮጅን መጨመር ሲጀመር ደግሞ ፓወሩ ንቅንቅ ሳይል ንባቡ በእጥፍ ሊዘል ይችላል። ሁለቱም ብልሽት አይደሉም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። ከፍ ሲል ሁሉም ይሮጣል፣ ዜሮ ሲል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ተፈጥሮ ራሷ ባክግራውንድ (ሁሌም የማይጠፋ ትንሽ ጨረር) አላት እኮ፣ ዜሮ የሚል የጨረር መለኪያ ንጹህ ቦታ አገኘ ማለት ሳይሆን ታውሯል ማለት ነው። የጋይገር ቲዩብ (ጨረርን ምት በምት የሚቆጥር ዲቴክተር) ደግሞ የባሰ ጉድ አለው። እያንዳንዱን ምት ከቆጠረ በኋላ 100 ማይክሮሰከንድ አካባቢ አያይም፣ ጨረሩ በጣም ሲበዛ ምቶቹ ተደራርበው ቲዩቡ ትንፋሽ ያጣል፣ ለዚህ ያልተዘጋጀ ማሽን ከሆነ መርፌው ወደ ታች ይመለሳል። ማለትም አስፈሪው ቦታ ላይ ቆማችሁ ትንሽ ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ። መለኪያው ጣሪያው ላይ ሲደርስም ያው ነው፣ ቼርኖቤል ላይ በሰዓት 3.6 ሬንትገን (የጨረር መለኪያ አሃድ ነው) የተባለው ቁጥር የእነዚያ መለኪያዎች መጨረሻ ነበር፣ እውነተኛው ንባብ ከዚያ በላይ የትየለሌ ነው። ቁጥሩ ከስኬሉ ጫፍ ጋር እኩል ከሆነ አላወቃችሁም ማለት ነው፣ እንደዛ ብላችሁ ጻፉ።

እሺ፣ አሁን በእውነት ተበላሽቷል እንበል። ብዙው ሰው ቶሎ ብሎ ዲቴክተር ይቀይራል፣ ምክንያቱም ውድ ነውና ጥፋቱም እሱ ጋ የሚሆን ይመስለዋል። እኔ ካየሁት አብዛኛው ችግር ኬብልና ኮኔክተር ነው። አዮን ቻምበር (በጋዝ የሚሰራ የዲቴክተር ዓይነት) የሚያወጣው ከረንት በፒኮአምፔር የሚቆጠር ነው፣ የአምፔር ትሪሊዮንኛ፣ ኢንሱሌተሩ ላይ የጣታችሁ ወዝ ወይም ትንሽ እርጥበት ካረፈ በዚያ በኩል የሚያመልጠው ከረንት ከእውነተኛው ሲግናል ጋር ሊወዳደር ይችላል። ኬብሉን ስትጠመዝዙት ንባቡ ከዘለለ ዲቴክተሩን ተዉት። እና እባካችሁ ኮኔክተር በባዶ እጅ አትንኩ፣ ካጸዳችሁም በደንብ ይድረቅ።

የጥፋቱን ቦታ ለማግኘት ከዲቴክተሩ እስከ ማሳያው ያለውን ሰንሰለት ከመሃል ቁረጡት። ፕሪአምፑ (የዲቴክተሩን ደካማ ሲግናል የሚያጎላው) መግቢያ ላይ ፐልስ ጄኔሬተር ወይም ከረንት ሶርስ ሰክታችሁ የታወቀ ሲግናል ስጡት። ማሳያው ትክክል ካነበበ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ዲቴክተሩ በኩል ነው፣ ካላነበበ ወዲህ ነው። በቃ። ይሄን ትተው ፕሪአምፑንም ፓወር ሰፕላዩንም ካርዱንም በአንድ ቀን የሚቀይሩ አሉ፣ ይሰራል፣ ይጨበጨባል፣ ግን የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ያው ጥፋት ተመልሶ ሲመጣ ደህናው ካርድ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለው፣ የተበላሸው ደግሞ ስፔር ተብሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለኩ፣ ጻፉ።

ስለ መጻፍ ካነሳን፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት እንዴት እንዳገኛችሁት መዝግቡ። ከተነካ በኋላ መልሶ የሚያመጣው የለም።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ጀማሪ ሆኜ አንድ ሞኒተር በኮባልት 60 ቼክ ሶርስ (የጨረሩ መጠን የሚታወቅ መፈተሻ) ስፈትሽ ሰርተፊኬቱ ላይ ከተጻፈው 33 በመቶ ያህል ዝቅ አለብኝ። ደከመ ብዬ የካሊብሬሽን ፋክተሩን (ንባቡ የሚባዛበትን ቁጥር) ከፍ አደረግኩና ቁጥሩ እስኪገጥም ድረስ አስተካከልኩት፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሰርተፊኬቱ የሶስት ዓመት ነበር። የኮባልት 60 ግማሽ እድሜ 5.27 ዓመት ነው፣ የደከመው ሶርሱ እንጂ ሞኒተሩ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያ ሞኒተር ከእውነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ እያነበበ በረባ ባልረባው ሲጮህ ከረመ፣ ሰዎቹም አላርሙን መናቅ ለመዱ፣ እኔን የሚያሳፍረኝ ከስህተቱ ይልቅ ይሄኛው ነው። ቀኑን አስሉ። ካሊብሬሽን ጥፋት የሚሸፈንበት ብርድ ልብስ አይደለም፣ ንባቡ የተንሸራተተበትን ምክንያት ሳታውቁ ቁልፍ አታዙሩ።

ሴት ፖይንት (አላርሙ የሚጮህበትን ወሰን) ከፍ አድርጎ አላርም ዝም ማሰኘትማ... አልናገርም፣ ያደረገው ራሱን ያውቃል።

የተሳሳተ ቻናል መክፈት ደግሞ አለ። ቻናል ኤ ባይፓስ ሆኖ (ለጥገና ሲባል ምንም እንዳያዘጋ ተደርጎ) ቻናል ቢ ላይ ካርድ መንቀል። የአየር ማስወጫው ዳምፐሮች (መዝጊያዎች) በአንድ ጊዜ ድው ብለው ሲዘጉ ድምጹ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ኮንትሮል ሩም ሲደውልላችሁ ስልኩን የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሪፖርት፣ ስብሰባ፣ ምናምን። ታፔላውን በጣታችሁ እየነካችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይድገመው። አስቂኝ ይመስላል፣ ይሁን።

ራኩ (የሞኒተሩ ኤሌክትሮኒክስ የተደረደረበት) አጠገብ ዎኪቶኪ አትጫኑ፣ ሞገዱ ንባቡን ሊያዘልለው ይችላል። የሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር (ጨረር ሲመታው የሚያበራ ክሪስታል ያለበት) ቤቱን ሃይ ቮልቴጁ ሳይጠፋ አትክፈቱ፣ ፎቶመልቲፕላየሩ (የክሪስታሉን ትንሽ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) የውጪ ብርሃን ካየ ተበላ። ክሪስታሉን ከቀዝቃዛ ቦታ በአንዴ ወደ ሞቃት አታግቡት፣ ይሰነጠቃል። ሃይ ቮልቴጅ ጠፋ ማለት ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) ባዶ ነው ማለት አይደለም፣ እኔ አንዴ ተመትቼ ገብቶኛል፣ እናንተ እንደዚያ አትማሩ።

ናሙና በሚስብ ሞኒተር ላይ ኤሌክትሮኒክሱን ሶስት ሰዓት ከመፈተሽ በፊት ፓምፑንና ፍሰቱን እዩ። ፊልተሩ ተቀዶ፣ ወይም መስመሩ ላይ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፣ የማይመጣ አየር ውስጥ ያለውን ጨረር ማንም ማሽን አይቆጥርም።

እና ስትጨርሱ ባይፓሱን መልሱ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ እራት ልበላ የተቀመጥኩበት ማታ አለ፣ ማንኪያውን አስቀምጬ ነው ወደ ማመንጫው የተመለስኩት፣ በሩ ላይ ደግሞ የሺፍቱ ኃላፊ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀኝ ነበር።