ሾፌሩ ጠጥቷል ብላችሁ ስትጠረጥሩ

ዳላስ አካባቢ በአንድ የትራክ ድርጅት የሾፌሮች ተቆጣጣሪ ነኝ። አብዛኞቹ ሾፌሮቻችን ያገር ልጆች ናቸው። አዲስ ለሚቀጠር ተቆጣጣሪ አስቀድሜ የምነግረው «ሰክሯል» ብሎ እንዳይጽፍ ነው። ያየውን ይጻፍ፦ «ትንፋሹ አረቄ አረቄ ይላል፤ ጋቢና ሲወጣ እግሩ ሁለቴ ሳተ፤ የጭነቱን ቁጥር ሲያነብ ምላሱ ተሳሰረ።» የአሜሪካ ሕግ ለምርመራ በቂ ምክንያት የሚለው መልክን፣ ሁኔታን፣ አነጋገርንና ሽታን ነው፤ እሱንም የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ራሱ ሲያየው። ሥልጠናው ለመጠጥ 60፣ ለአደንዛዥ ዕፅ 60 ደቂቃ ነው። «ትናንት ማታ ሲጠጣ አይቼዋለሁ» የሚል ወሬ ብቻውን አይበቃም።

ላብ ካጠመቀውና ግራ ከተጋባ ግን ስኳር ወርዶበት ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ 911 ደውሉ።

እኛ ዘንድ ከባዱ ነገር ይሉኝታ ነው። ሰውየው በዕድሜ አባታችሁ ይሆናል፣ ልጆቹን ታውቃላችሁ። ቢሆንም 36 ቶን ሊመዝን የሚችል መኪና እያያችሁ አትልቀቁለት። ሰው ከማይሰማበት ወስዳችሁ በአክብሮት ንገሩት፦ «ጋሼ፣ ዛሬ አይነዱም። ቁልፉን ይስጡኝ፣ ምርመራው ቦታ አብሬዎት እሄዳለሁ።» አትከራከሩ፤ «ስንት ጠጡ?» ብላችሁም አትመርምሩት። እንቢ ካለ፣ እንቢታው ተመርምሮ እንደተገኘበት እንደሚቆጠር ሳትቆጡ አስረዱት። ይህን ሳያውቅ ተናዶ ወደ ቤቱ የሚሄድ አለ።

የትንፋሽ ምርመራው በ2 ሰዓት ውስጥ ይደረግ። ከዘገየ ምክንያቱን ጻፉ፤ 8 ሰዓታት ካለፉ ምርመራው ይቀራል። ያያችሁትን የሚገልጸውን ወረቀት ውጤቱ ሳይመጣ፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ፈርሙ። በትንፋሹ የተለካው የአልኮል መጠን ከ0.02 እስከ 0.039 ከሆነ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይነዳም። 0.04 ከደረሰ ጉዳዩ በፌዴራል መዝገብ ይገባል፤ የሱስ ጉዳይ ባለሙያ አይቶት፣ የታዘዘለትን ጨርሶ፣ ዳግም ተመርምሮ ነጻ እስኪሆን መሪ አይጨብጥም።

«ኮሎራዶ ማሪዋና ተፈቅዷል» ለትራክ ሾፌር አይሠራም። ስለ ጫትም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። በተለመደው አምስት ዓይነት ዕፅ በሚፈልገው ምርመራ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በእርጥቡ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ነው። ቅሞ መንዳት ክልክል ነው።

ከምርመራው በኋላ በራሱ መኪና ወደ ቤቱ እንዳይነዳ፤ ቤተሰቡን ጥሩለት ወይም ኡበር ያዙለት። ፋይሉን ቆልፉበት፣ ጭነት ለሚመድበው ዲስፓቸርም «ዛሬ አይሠራም» ብቻ በሉት።