አሳው ጠዋት ጠዋት አፉን ወደ ላይ ሲያነሳ፦ የቤት ውስጥ አሳ ገንዳ ችግርና መፍትሄ

አሳ ሲደክም ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ መድኃኒት ነው። ፒያሳም ኑሩ ካዛንቺስ፣ እኔ ቀድሜ የምጠይቃችሁ ስለ ውሃው፣ ስለ ቅዝቃዜውና ስለ መብራቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በበሽታ ከሚሞተው አሳ ይልቅ በነዚህ ሶስቱ የሚሞተው ይበዛል ባይ ነኝ።

ጠዋት ላይ ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ

ረሃብ እንዳይመስላችሁ። ኦክስጅን አጥሯቸው ነው። ምግብ ስትጨምሩ ይብስባቸዋል።

ሁለት ነገር ይደራረባል። አንደኛው ከፍታችን ነው። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባህር ዳር ከተሞች ሶስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል አሳ ሲላችሁ ይህን አያስብም፤ ከቁጥሩ ቀንሱለት።

ሁለተኛው ተክሉ ነው። ቀን ብርሃን እያለ ኦክስጅን ይሰጣል። ማታ ግን እንደ አሳው ራሱም ከውሃው ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው ክፉኛ የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው። አሳዎቹ ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው እኩለ ቀን ላይ ደህና ከሆኑ ነገሩ ይሄው ነው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ከሆኑ ግን አሞኒያን ጠርጥሩ፤ እሱን ወደ ታች እናገኘዋለን።

ብዙ ሰው ድምጹ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ የአየር ፓምፑን ማታ ይነቅለዋል። ማረፍ ካለበት ቀን ይረፍ፣ ማታ ይሥራ። የፊልተሩንም መውጫ ወደ ላይ መለስ አድርጉት፤ የውሃው ፊት መንቀጥቀጥ አለበት። ኦክስጅን በብዛት የሚገባው በአረፋው ሳይሆን በሚናወጠው የውሃ ፊት በኩል ነው። እዚያ ላይ ስስ ቅባት ከተጋረደ ሶፍት አንጥፋችሁ አንሱት።

ደህና የነበሩ አሳዎች ድንገት አንድ ላይ ከተገለበጡ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ ፍሊት የነፋ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ይከተዋል፤ ፀረ ተባይ ደግሞ በጥቂቱም አሳ ይገድላል። ከመነፋቱ በፊት ፓምፑን ንቀሉ፣ ገንዳውን ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ ሳይናፈስ አታብሩት። የቡናው ዕጣንስ ለምትሉ፣ ማጨሻውን ከፓምፑ ራቅ አድርጉት እንጂ ቡናውስ አይቀርም።

ውሃ በተቀየረ ማግስት ይሞታሉ

ወይ ክሎሪን ነው ወይ ቅዝቃዜ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ተጣርቶ የሚመጣው ውሃ ክሎሪን ይጨመርበታል። ለእኛ ጥሩ ነው፤ የአሳን መተንፈሻ ግን ያቃጥላል። ፈረቃው ደርሶ ውሃ ስለመጣ ብቻ ከቧንቧ በቀጥታ አትሙሉ። ባልዲ ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ክዳኑ የተዘጋ ሮቶ ውስጥ ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም፤ ጣሪያ ላይ ያደረ ውሃ ደግሞ ጠዋት በረዶ ነው። ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክሉና በሳምንት አንዴ ሩብ ያህሉን ብቻ ቀይሩ።

አዲስ ገንዳ ነው፣ አሳው አንድ በአንድ ያልቃል

ውሃው መስታወት ይመስላል፣ አሳው ግን ይሞታል። ገዳዩ በዓይን የማይታየው አሞኒያ ነው። ከአሳው ኩስና ከተረፈው ምግብ ይመጣል። ይህን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ በበቂ መጠን እስኪባዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ሁለት ሶስት ጠንካራ አሳ ይበቃል። ምግብም በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። ልጆች ዳቦ እየፈረፈሩ እንዳይጨምሩ ተቆጣጠሩ።

ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት ፊልተሩ ውስጥ ነው። በዓል ደረሰ ተብሎ ስፖንጁ በሳሙናና በቧንቧ ውሃ ከተፈተገ አሮጌው ገንዳ እንደገና አዲስ ሆነ ማለት ነው። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ በቂ ነው። ለፊልተር የሚሆን ውድ ሴራሚክ ካጣችሁ፣ ለግንባታ የሚጫነው ሬድ አሽ በደንብ ታጥቦ ያገለግላል። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያው ይወደዋል።

ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ

ይሄስ እውነተኛ በሽታ ነው፤ ኢክ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ። ግን እሱንም ብዙ ጊዜ የሚጋብዘው ብርድ ነው። ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሂተር የሌለው ገንዳም አብሮ ይቀዘቅዛል። ጉፒና ሞሊ የሚባሉት አሳዎች 24 ወይም 25 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ለ60 ሊትር የ75 ዋት ሂተር በቂ ነው። ሂተር አልገዛም ካላችሁ ጎልድፊሽ አርቡ፤ ብርዱን ይችለዋል።

ለማከም ሙቀቱን ቀስ እያላችሁ በሁለት ቀን ወደ 29 ዲግሪ አድርሱት። ሞቅ ያለ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። መድኃኒት ከጨመራችሁም ነጠብጣቡ ሲጠፋ አታቁሙ። መድኃኒት የሚገድለው ከአሳው ወርዶ ውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ተህዋስ ብቻ ስለሆነ ሌላ አንድ ሳምንት ቀጥሉ። ጨው ተክል ይጎዳልና ተክል ያለበት ገንዳ ውስጥ አትጨምሩ።

ተክሉ ይረግፋል፣ መስታወቱ ይሻግታል

አዲስ ተክል በገባ በሳምንቱ ቅጠሉ ቢሟሟ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ከውሃ ውጭ ያደጉ ስለሆኑ የድሮ ቅጠላቸውን ጥለው አዲስ ያወጣሉ። አኑቢያስ የሚባለው ተክል ከሥሩ ከበሰበሰ ግን ግንዱን አሸዋ ውስጥ ቀብራችሁታል፤ አውጡና ድንጋይ ላይ እሰሩት። አዲሱ ቅጠል ከነጣ ብረት፣ አሮጌው ቀዳዳ ካወጣ ፖታሲየም አንሶት ሊሆን ይችላል።

መስታወቱ ላይ አረንጓዴው ከበዛ ብርሃኑ በዝቷል። ገንዳው መስኮት ሥር ከሆነ አንሱት፤ አምፖሉን በቀን ለስድስት ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ አብሩ።

መብራት ጠፋ

ምግብ አቁሙ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ግዙት፣ ከማንኛውም የአሳ መድኃኒት ይበልጥ ይጠቅማችኋል። መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ከመጣና ፊልተራችሁ ከውጭ የሚቀመጠው ዝግ ዓይነት ከሆነ፣ ከማብራታችሁ በፊት ውስጡ የቆየውን ውሃ ድፉት። ታፍኖ የሸተተ ውሃ ነው፤ ወደ አሳዎቹ መመለስ የለበትም።