አሞራ ገደልን በጠዋቱ፦ ዓሣ፣ አባ ኮዳና ጀልባ

ሐዋሳ መጥቶ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ አሞራ ገደልን ከሰዓት በኋላ ማየት ዓመት በዓሉ ካለፈ በኋላ እንደ መድረስ ነው። አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ የሚያወጡት ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይገኙ። ባጃጅ ሲይዙ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ፤ ለመግቢያ ዝርዝር ብር ይያዙ።

ዓሣውን ከመጠበሱ በፊት ይዩት። ስንጥቡን ገለጥ ሲያደርጉት ቀይ ከሆነ፣ ዓይኑ ካልደፈረሰ፣ ሥጋውም በጣት ተጭነው ሲለቁት ከተመለሰ የዛሬ ነው። ስንጥቡ ከጠቆረ ይለፉት። ለጥብስ ቆሮሶ፣ ለሾርባ አምባዛ ይሻላል። ቆሮሶው ሙሉውን የሚጠበስ ከሆነ ሁለቱም ጎኑ በቢላ ይተልተል፤ ያለዚያ ቆዳው እያረረ አጥንቱ ሥር ያለው ጥሬ ይቀራል። ከዚያ ዳጣና ሎሚ። ጥሬውን የሚበሉም ሞልተዋል፤ ነገር ግን ጥገኛ ትል በዳጣ አይሞትም፤ ለልጅ በፍጹም አይስጡ።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግርዎ ሥር ይቆማሉ፤ የሚጠብቁት አንጀትና አጥንት ነው። ቁመታቸው 1.5 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ መንቆራቸው ከሕፃን ፊት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሕፃን በእጁ ዓሣ አይያዝ። ጦጣ ደግሞ ዳቦ የያዘ ፌስታል ካየች አትምርም፤ ቦርሳ ይዘጋ። ጉሬዛዎቹ ቅጠል በል ናቸው፤ ሆዳቸው ለብስኩት አልተሠራም።

ጀልባ ከ4 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ መመለሻን ይጨምራል ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ላይፍ ጃኬቱን ለልጅ ካሰሩ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ጉማሬ ከታየ ነጂው እንዳይጠጋ ይንገሩት፤ በተለይ ግልገል ካለ። የላስቲክ ጠርሙስ አይጣል፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የተጣለው እዚያው ይቀራል።

ዳር ዳሩን ሣር ባለበት በባዶ እግር አይግቡ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው፤ ትሉ ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። ውሃው ከነካዎት ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርገው ያድርቁ፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ለሐኪሙ ሐይቅ ውስጥ መግባትዎን ይንገሩ።