ናፍጣ ሞተር የተተከለለት ፒክአፕ ሲያስቸግር፦ ከሞተሩ በፊት የሠራነውን ዕቃ እንፈትሽ

ቤንዚን በነበረ ፒክአፕ ላይ ናፍጣ ሞተር ሲተከል፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ነው። የሚያስቸግረው እኛ ቆርጠን፣ በይደንና ቶርኖ አስገብተን የሠራነው ዕቃ ነው፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የሚያገናኘው ፕሌት፣ የሞተር ሱፖርቱ (መደገፊያው)፣ ያሳጠርነው ሻፍት (ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል ኃይል የሚወስደው ዘንግ)፣ ያጠፍነው ቱቦ። ስለዚህ አንድ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ለመክፈት አትቸኩሉ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ችግሩ ማንን ነው የሚከተለው? መኪናው ቆሞ ጋዝ ሲሰጠው የሚመጣ ከሆነ ሱፖርቱንና ጭስ ማውጫውን ተመልከቱ። ማርሽ ብትቀይሩም ሳይለወጥ ከመኪናው ፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ሻፍቱ ጋ ሂዱ። ፍሪሲዮን (ክላች) ስትረግጡ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ሞተሩና ካምቢዮው የተገናኙበት ቦታ ላይ ጠርጥሩ።

ማርሽ በግድ ይገባል፣ የፍሪሲዮን ዲስክ ቶሎ ይሰበራል፣ ካምቢዮው ከፊት ዘይት ያፈሳል

ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ፕሌቱ መሃሉን ስቷል ማለት ነው። የክራንክ ሻፍቱ መሃልና የካምቢዮው ዘንግ መሃል በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ፕሌቱ በቡሎን ቀዳዳ ብቻ ተለክቶ ሲሠራ ነው። ቡሎን ያጠብቃል እንጂ ቦታ አይዝም፤ ቀዳዳው ምንጊዜም ከቡሎኑ ትንሽ ይሰፋል። ቦታ የሚይዘው ጥብቅ ብሎ የሚገባው ፒን ነው።

በግምት አትሥሩ፣ ለኩት። ካምቢዮውን አውርዱና ባዶውን ቤል ሃውዚንግ (ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነውን የካምቢዮ ቤት) ከነፕሌቱ መልሳችሁ እሰሩት። ማግኔት ያለው ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ ተክላችሁ፣ መርፌውን ቤል ሃውዚንጉ መሃል ባለው ክብ ቀዳዳ የውስጥ ግድግዳ ላይ አሳርፉ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.13 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጌጁ 0.40 ካነበበ መሃሉ የሳተው 0.20 ነው፣ ግማሹን። ይህን ያህል ከሆነ መሃሉ ወደ ጎን የወጣ ፒን ቶርኖ ላይ አሠርቶ ማስተካከል ይቻላል። በጣም ከራቀ ግን ፕሌቱን እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል። ቀዳዳውን በፋይል እያሰፉ ማስተካከል የሚባለውን ነገር እርሱት።

መርፌውን ካምቢዮው በሚቀመጥበት ፊት ላይም አድርጋችሁ ድገሙት። ፕሌቱ ላይ ብየዳ ካለ በሙቀት ተጣምሞ ሊሆን ይችላል፤ ከብየዳ በኋላ ፊቱ በማሽን መስተካከል ነበረበት።

የፕሌቱ ውፍረትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። 12 ሚሊ ሜትር ፕሌት ካምቢዮውን 12 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ይገፋዋል። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ክራንኩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ኩሽኔታ በደንብ ላይገባ ይችላል፣ ወይም ጫፏን ብቻ ይነካል። ያኔ ዘንጉ ድጋፍ ያጣል፣ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ይጮሃል። መፍትሔው ረዘም ያለ ቡሽ (የዘንጉን ጫፍ የሚይዝ ቀለበት) በቶርኖ ማሠራት ነው። ቮላኖውን በስፔሰር ወደኋላ ካወጣችሁት ግን ሞተሪኖውም (ሞተር ማስነሻውም) አብሮ መምጣት እንዳለበት አትርሱ፤ አለበለዚያ ጥርሱ ቮላኖው ላይ በግማሽ ይነክሳል።

ቆሞ ሲሠራ ካቢኑ ይንቀጠቀጣል፣ ሱፖርቱ ይሰነጠቃል

ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል። ይህን ምት ደረቅ ፖሊዩሪቴን ወይም ብረት በብረት የታሰረ ሱፖርት እንዳለ ወደ ቻሲሱ ያስተላልፈዋል። ለስላሳ የጎማ ሱፖርት ይሻላል። ግን ከመቀየራችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉና የሚነካካ ነገር ፈልጉ፦ ጭስ ማውጫው ቻሲስ ነክቶ፣ የራዲያተር ቱቦ ተደግፎ። አንዲት የተነካች ብረት ጥሩ ሱፖርት ታሰድባለች።

የሱፖርቱ ብረት ከተሰነጠቀ ስንጥቁን ተከታተሉት፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ከላይ ብቻ ቀብቶ መበየድ ለጥቂት ሳምንት ነው። ስንጥቁን በግራይንደር እስከ ሥሩ አውጡት፣ በይዱት፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ሦስት ማዕዘን መደገፊያ ጨምሩበት። ቻሲስ ላይ ስትበይዱ ባትሪውን ፍቱ፣ የመበየጃውን የአፈር (የመመለሻ) ገመድ ከምትበይዱበት አጠገብ እሰሩ። ኤሌክትሪኩ በካምቢዮ ኩሽኔታ ውስጥ አልፎ መንገድ እንዲፈልግ አታድርጉት።

ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ ይርገበገባል

ነጻና ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ፣ መርገብገቡ በሚመጣበት ፍጥነት ማርሹን ፎሌ (ባዶ) አድርጉት። ሞተሩ ዝም ብሎም መርገብገቡ ከቀጠለ ሞተሩ ነጻ ወጣ። ጎማውን ባላንስ አስደርጋችሁ ከሆነ የቀረው ሻፍቱ ነው።

ሞተሩ ሲተከል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የክሮቼራውን (ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን የመስቀል መጋጠሚያ) ማዕዘን ይቀይረዋል። በማዕዘን መለኪያ የካምቢዮውን መውጫና የዲፈረንሻሉን መግቢያ ለኩ። ሁለቱ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ አይብለጥ። እያንዳንዱ ክሮቼራ የሚሠራበት ማዕዘን እስከ 3 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ዜሮም ግን አይሁን፤ ውስጡ ያሉት መርፌ መሰል ትናንሽ ሮለሮች ካልተንከባለሉ አንድ ቦታ ይበሉታል። ለማስተካከል ካምቢዮው ሱፖርት ስር ላሜራ ማስገባት፣ ወይም ባሌስትራውና አክስሉ መካከል ሽብልቅ ማድረግ ይበቃል። ያሳጠራችሁት ሻፍት ደግሞ ሁለቱ ጫፎቹ በአንድ አቅጣጫ መበየዳቸውን እዩ፣ ባላንስም ይደረግ።

ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ

ይህ ሳይስተካከል መኪናው ከግቢ አይውጣ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ለፍሬን አጋዥ የሚሆን ቫኩም በራሱ ይሰጣል። ናፍጣ አየሩን ሳይታፈን ስለሚስብ ያን አይሰጥም፤ የራሱ የቫኩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ዲናሞው ጀርባ ይገኛል፣ ስለዚህ ዲናሞ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ቫኩም የለም።

ቱርቦው አዲስ ነው፣ ሰማያዊ ጭስ ግን አለ

ቱርቦውን ከመመለስ በፊት ዘይት መመለሻ ቱቦውን እዩ። ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ነው፤ የሚገፋው የለም። ያውም አረፋ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቱቦው ከጠበበ፣ መንገድ ላይ ወደ ላይ ከታጠፈ፣ ወይም ከታች ካለው የዘይት ልክ በታች ከገባ፣ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በማኅተሙ ያልፋል። ሰፊ ቱቦ፣ ቁልቁል፣ ከዘይቱ ልክ በላይ። የሞተሩ መተንፈሻ ከተደፈነም ምልክቱ አንድ ነው።

ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል

ከፓምፑ በፊት ብርሃን የሚያስተላልፍ አጭር ቱቦ አስገቡ። አረፋ ከታየ ናፍጣው አየር እየሳበ ነው፤ የመዳብ ዋሸሮቹን ቀይሩ፣ መጋጠሚያዎቹን አጥብቁ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ከተጠቀማችሁም አውጡት፣ ከናፍጣ ጋር አይስማማም።

ይሞቃል

በዝግታ ሲሄድ ብቻ ከሆነ ቬንትሌተሩና መከለያው ናቸው፤ የቬንትሌተሩ ክንፍ ግማሹ መከለያው ውስጥ ይሁን። በፍጥነትም ሲሄድ ከሆነ ራዲያተሩ አንሷል ወይም ተደፍኗል።

ሞተሪኖው ይደክማል፣ የነዳጅ መስጫው ኬብል ይሞቃል

ባትሪ አትግዙ። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከቻሲሱ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የአፈር ገመድ ተረስቷል። ኤሌክትሪኩም ያገኘውን ቀጭን መንገድ ተከትሎ በኬብሉ ይመለሳል። ቀለሙን እስከ ንጹህ ብረት ፍቃችሁ፣ ለሞተሪኖው ከሚሄደው የማይሳሳ ገመድ እሰሩ።