ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው

መብራት አጥፍተው ጋቢዎን ደርበው ጋደም እንዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ትዝ ያላለዎት ትንፋሽ ድንገት ያሳስብዎት ይጀምራል። አየሩ ደረት ላይ ቀርቶ ወደ ታች የማይወርድ ይመስላል፤ በኃይል ይስባሉ፣ አይሞላም፤ ይደግማሉ፣ አሁንም አይሞላም። የልብዎ ምት ትራሱ ውስጥ ይሰማዎታል፣ የጣትዎ ጫፍና የከንፈርዎ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ሸለብ ሊያደርግዎት ሲል ደግሞ ትንፋሽዎ የተቋረጠ መስሎዎት ብድግ ይላሉ። እኔም ደሴ ሆጤ በተከራየሁት ቤት አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ እየባነንሁ አድሬያለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ሐኪም ያስረዳኝንና በራሴ ላይ የሞከርሁትን ነው።

ከጭንቀቱ በፊት ግን ክፍሉን ይመልከቱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ ፍም የያዘውን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው አይጠፋም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ቢጠፋም እንኳ መውጣቱን አያቆምም። የትንፋሽ እጥረቱ ከራስ ምታት፣ ከማቅለሽለሽና ከማዞር ጋር ከመጣ፣ በተለይም አብሮዎት የተኛውን ሰው እንዲሁ ካመመው፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ምድጃው ከነፍሙ ደጅ ይደር፤ ብርዱን በአንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይቻሉት።

ቀጥሎ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ይለዩ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በጀርባው ሲንጋለል ያፍነውና ሁለት ሦስት ትራስ ሲደራርብ ይቀለዋል፣ እግሩም ሊያብጥ ይችላል። አስም ከሆነ ሌሊት ሳልና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይኖራል። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ የሚነግረው አብሮት የሚተኛው ነው። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ሁለት ቃል አያይዞ መናገር የሚከለክል የትንፋሽ እጥረት ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ቀን ዳገት ሲወጡ ደህና ሆነው፣ ሌሊት በጸጥታ ብቻ የሚመጣብዎትና ሰው ሲያነጋግርዎት የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ወደ ጭንቀት ያደላል። ያም ቢሆን አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመሩ፤ ደህና ነዎት ከተባሉ ደግሞ በየሳምንቱ ክሊኒክ እየቀያየሩ ያንኑ ምርመራ አይድገሙ፤ ይህ ራሱ ጭንቀቱን ይቀልበዋል። «የደሴ አየር ከበደኝ» የሚለው ምክንያትም፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ ከሚበልጥ ቆላ ገና ለመጣ ሰው ለጥቂት ቀናት ያስኬድ ይሆናል፤ ዓመታት ለኖረ ሰው ግን አያስኬድም።

በጭንቀት ጊዜ አየር ያነሰዎት ይምሰልዎት እንጂ ከሚፈለገው በላይ እየተነፈሱ ነው። ደጋግመው በጥልቀት ሲስቡ ኦክስጅኑ ቀድሞም በቂ ስለነበር ብዙ አይጨምርም፤ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከልክ በታች ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮችም ይጠባሉ፤ ማዞሩና መደንዘዙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማዞሩ ሲያስፈራዎት ይበልጥ ይተነፍሳሉ፣ ይበልጥ ሲተነፍሱ ማዞሩ ይብሳል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በማስወጣት ነው። ትራስዎን ከፍ አድርገው አንድ እጅዎን ከእምብርትዎ በላይ፣ ሌላውን ደረትዎ ላይ ያኑሩና በመጀመሪያ ያለውን አየር ቀስ ብለው ያስወጡ። ከዚያ በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ይሳቡ፤ ከፍ ማለት ያለበት ሆድዎ ላይ ያለው እጅ ነው፣ የደረቱ እጅ ባለበት ይቆይ። ሲያስወጡ ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው እስከ ስድስት ይቁጠሩ፤ አወጣጡ እስከ አፉ የሞላ ሲኒ ይዘው ቡናው ሳይፈስ እንደሚያቀዘቅዙት ያለ ይሁን። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ በደቂቃ 6 ጊዜ ገደማ ይተነፍሳሉ። መጀመሪያ ላይ «አልሞላም» የሚለው ስሜት ሊብስብዎት ይችላል፤ እኔ ሁለት ሌሊት ያቋረጥሁት እዚህ ላይ ነበር። በረጅሙ መሳብ ሲያምርዎት ምራቅዎን ዋጥ አድርገው ያሳልፉትና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀጥሉ። አራትና ስድስቱ ከከበደዎት ሦስትና አምስት ያድርጉት፤ ማስወጣቱ ከመሳቡ ይርዘም እንጂ በቁጥሩ አይጨነቁ። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚለውን ምክር ግን አይስሙ፤ አስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ልምምዱን ቀን፣ ደህና ሆነው ሳሉ ይጀምሩት፤ በድንጋጤ መሃል አዲስ ነገር አይለመድም።

ወሎ ተቀምጦ የምሽት ቡናን መንካት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ይሁንና ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት የጠጡት በረካ እኩለ ሌሊት ላይ ገና አልለቀቀዎትም። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና ከተጠሩ ይሂዱ፣ ይጫወቱ፣ ሲኒውን ግን ይለፉት። ጫትም ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍን ያርቃል። ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ደረቱ ላይ የሆነ ነገር የተጫነው የሚመስልበት ሁኔታ ላልቃመም ሰው ይመጣል፤ ቢያስፈራም ትንፋሽ አያቆምም፣ ጥቂት ቆይቶም ይለቃል።

ሰዓት ሳያዩ በግምት 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ፣ ከአልጋው ይነሡና ደብዛዛ ብርሃን ሥር ተቀምጠው አሰልቺ ነገር ይሥሩ፤ እኔ ሰፌድ ላይ ምስር እለቅም ነበር። ዚክር የሚያደርግም ሆነ ዳዊት የሚደግም ሰው በዝግታ ያድርገው፤ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ሲባል ማስወጣቱ በራሱ ይረዝማል። ስልክዎን ግን አይንኩ፣ በተለይም የሕመም ምልክት ለመፈለግ።

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ፣ ሌሊት ቁልቁለቱን የሚወርድ ከባድ መኪና ባጉረመረመ ቁጥር የሚባንን ሰው አለ። የዚህ ሰው ችግር በትንፋሽ ልምምድ ብቻ ስለማያልቅ፣ እንዲሁም እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት የቀጠለበት ሁሉ፣ ከአእምሮ ሐኪም ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ሱስ ያስይዛል፤ ከአልኮል ጋር ሲሆን ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ትንፋሹ ያጠረዎትን ሰዓት፣ እንዴት ተኝተው እንደነበር፣ የመጨረሻውን ቡና መቼ እንደጠጡና በስንት ትራስ እንደቀለለዎት የጻፉበትን የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ።