የድንጋይ ከሰል ማከማቻ የዕፅዋትና የዱር እንስሳት ጥናት፦ ሪፖርቱ ለምን ይመለሳል?

ለከሰል ማራገፊያ፣ ማከማቻ ወይም መጫኛ ቦታ ፈቃድ ሲጠየቅ አብሮ የሚቀርበው የዕፅዋትና የእንስሳት ጥናት ሲመለስ፣ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከዝርያ ስም አይደለም። ጥናቱ አጥሩን ተከትሎ በመሠራቱ ነው። ብናኙ በነፋስ፣ ፍሳሹ በውሃ ከአጥሩ ይወጣል፤ ጥናቱም እዚያው ድረስ መከተል አለበት። በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ዛፉ ተጎሳቁሏል፤ ከከሰሉ ይሁን ከሌላ አይታወቅም

የከሰል ብናኝ ቅጠል ላይ ሲጋገር ብርሃን ይጋርዳል፣ የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ነገር ግን ድርቅም፣ ተባይም፣ የተጠቀጠቀ አፈርም ዛፍን ያጎሳቁላል። በተለይ የሚያሳስተው ጥቁር ሻጋታ ነው። ክሽክሽና መሰል ተባዮች በሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ይበቅላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ከከሰል ብናኝ አይለይም።

ቅጠሉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥረጉና በእጅ ማጉያ መነጽር እዩት። ከሰል ከሆነ ማዕዘን ያላቸው፣ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ፍርፋሪዎች ይታያሉ፤ በቅጠሉ ደም ሥር ግራና ቀኝ እና ጸጉራም በሆኑ ቅጠሎች ላይ በብዛት ይከማቻሉ። ሻጋታ ከሆነ እንደ ስስ ልባስ ተያይዞ ይላጣል፤ ተባዩም በአቅራቢያው፣ ብዙ ጊዜ ከቅጠሎቹ ሥር፣ ይገኛል።

ቀጥሎ ከክምሩ ጀምራችሁ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ርቀቱ እየጨመረ የሚሄድ የናሙና መስመር አውጡ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደግሞ አፈሩ፣ ተዳፋቱና የመሬት አጠቃቀሙ የሚመሳሰል ማነጻጸሪያ ቦታ ምረጡ። ያለ ማነጻጸሪያ የተሠራ የብናኝ ጥናት ምንም አያስረዳም ባይ ነኝ። የምታነጻጽሩት ተመሳሳይ ዝርያንና በዕድሜ የሚቀራረብ ቅጠልን ይሁን። ዝናብ ቅጠሉን ስለሚያጥበው መጨረሻ የዘነበበትን ቀን መዝግቡ።

የዝርያ ዝርዝሩ በጣም አጭር ነው

መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ወቅትና ሰዓት ነው። በደረቅ ወቅት ዓመታዊ ዕፅዋት አፈር ውስጥ ያሉ ዘሮች ብቻ ናቸው። ብዙ እንቁራሪቶች የሚሰሙት ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ፣ በሌሊት ነው። ወፍ በማለዳ ይቆጠራል፤ የሌሊት ወፍ ድምፅ መቅጃ ይፈልጋል። አጥኚ በቀን ብቻ ዞሮ የሚያመጣው ዝርዝር የግማሹን ፍጥረት ነው።

ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን አጥኑ። ናሙናው በጨመረ ቁጥር እስከዚያ የተገኙትን ዝርያዎች ድምር በግራፍ አስቀምጡት፤ መስመሩ ገና ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ሁለተኛው ወቅት ሳይደርስ ማስገባት ግድ ከሆነ፣ ያልተጠናውን በግልጽ ጽፋችሁ የማሟያ ጥናቱን ጊዜ አሳውቁ። ገምጋሚ የተደበቀ ክፍተት ሲያገኝ የቀረውንም ማመን ያቆማል።

ከክምሩ በታች ያለው ጅረት ጥርት ብሏል፣ ሕይወት ግን የለበትም

ይህ ክፍል በሪፖርቶች ውስጥ ከሁሉ የሳሳ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከሰል ውስጥ ያለው ፓይራይት (ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን) ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ብረትና ሌሎች ማዕድናትን ያሟሟል። አሲዳማ ውሃ ጥርት ብሎ ሊታይ ስለሚችል ዓይን ያታልላል። ወደታች ወርዶ አሲድነቱ ሲቀንስ ብረቱ ይዘቅጥና ድንጋዩን ብርቱካናማ ያደርገዋል። ሁሉም ከሰል አሲድ አያመነጭም፤ ስለዚህ ግምት ሳይሆን ልኬት ያስፈልጋል።

ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) እና የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት (የሟሟ ማዕድናትን መጠን ይጠቁማል) እዚያው ጅረቱ ዳር ለኩ፤ ከፍሳሹ መግቢያ በላይም በታችም። በመረብ የጅረቱን ወለል ነቅንቃችሁ ነፍሳትን ሰብስቡ። የሜይፍላይና የስቶንፍላይ እጮች ለብክለት ስሱ ናቸው፤ ከላይ በርክተው ከታች ከጠፉ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ የተጠራቀመውን ጠርጎ ስለሚያወርድ፣ ያን ቀን ናሙና መውሰድ አይለፋችሁ።

ካሜራው በባዶ ፎቶ ተሞልቷል

እንስሳት ሲያልፉ በራሱ ፎቶ እንዲያነሳ የሚተከለው ካሜራ፣ ፀሐይ የሞቀው ሣር ሲወዛወዝም ያነሳል። ሣሩን እጨዱ፤ ካሜራውን ወደ ፀሐይ መውጫም ሆነ መግቢያ አታዙሩት።

«የተራቆተ ቦታ ነው፣ ምንም አይኖርበትም» ተብሎ ነበር፤ አሁን ጎጆ ተገኘ

ወፎች በኮንቬየሩ (ከሰል በሚያመላልሰው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ) ብረት ላይና ጠጠር ሜዳ ላይ ይፈለፍላሉ፤ እንቁራሪቶች በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ገንዳ ይራባሉ። ስለዚህ ግንባታውንም እንደ መኖሪያ ቁጠሩት። ጥገናና የገንዳ ጠረጋ ከመራቢያ ጊዜ ውጭ ይሁን፤ ገደላማ ገንዳ የወደቀ እንስሳ የሚወጣበት ተዳፋት ይሠራለት።

ገምጋሚው የመፍትሔ ዕቅዱን ውድቅ አደረገ

ዕቅዱ በቀጥታ «ሌላ ቦታ ችግኝ እንተክላለን» በማለት ጀምሮ ይሆናል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት፣ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን 6ኛው የአፈጻጸም መስፈርት (ብዝሃ ሕይወትን የሚመለከተው) ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል፤ መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ከዚያ መቀነስ፣ ከዚያ የተጎዳውን መልሶ እንዲያገግም ማድረግ፣ ማካካሻው በመጨረሻ። ስለዚህ ክምሩን ከጅረቱ ማራቅ ይቻል እንደሆነ፣ ኮንቬየሩ መሸፈኑን፣ ክምሩ በውሃ መረጨቱንና የሚረጨው ውሃ የት እንደሚጠራቀም በካርታ አሳዩ። ካልተቻለም ምክንያቱን በዝርዝር ጻፉ፤ የችግኙ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይምጣ።